አሳዎቼ እየሞቱብኝ ነው፤ ቲቲሲ ልጨምርባቸው?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ቶንሲል፣ ስለ ልጆች ሳል ናቸው። ሰሞኑን ግን ለየት ያለ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው፤ ስሙን ሳልጠቅስ እንዳቀርበው ፈቅዶልኛል።

«ዶክተር፣ ጓሮዬ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ እያረባሁ ነው። ከሳምንት ወዲህ በየቀኑ አራት አምስት እየሞቱ ይንሳፈፋሉ። ሆዳቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ላይ ቀይ ቁስል አለ። አንዱ ጓደኛዬ ቲቲሲ ካፕሱል ከፍተህ መኖው ላይ ነስንስበት አለኝ። ሌላው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ ስጣቸው ይላል። የቱ ይሻለኛል?»

«ይሄ እኮ የእንስሳት ሐኪም ጥያቄ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። ግን ቲቲሲ የሚለው ቃል ሲመጣ ጉዳዩ የእኔም ይሆናል። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ቲቲሲውን አትጨምር። ነጭ ሽንኩርቱም አንዴ የታመመውን አሳ አያድንልህም። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክል፣ ከዚያ የታመመ አሳ ይዘህ ባለሙያ አማክር። ረጅሙ መልስ ደግሞ ይኸውላችሁ።

አሳ በባክቴሪያ የሚታመመው ለምንድን ነው?

እኛ የምንኖረው አየር ውስጥ ነው፣ አሳ የሚኖረው ከባክቴሪያው ጋር እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ባክቴሪያ በሐይቅ ውሃ፣ በጭቃ፣ በጤነኛ አሳ አንጀት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ክፍል በተያዙ አሳዎች ላይ ይህንኑ ባክቴሪያና ኤድዋርድሲየላ ታርዳ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ አግኝተዋል። ኤድዋርድሲየላ ከእኛው ከዝዋይና ከላንጋኖ አሳዎችም ተለይቷል። ይህን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ ባክቴሪያው ተገኘ ማለት አሳው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም።

ታዲያ ኩሬ ውስጥ ለምን ይገድላል? በክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ የሚሄደውን ሚኒባስ አስቡት። አንዱ ሲያስል ሁሉም ይወስዳል። ኩሬም እንደዚያው ነው። አሳ ሲበዛ፣ የተረፈ መኖ ከሥር ሲበሰብስ፣ ኦክስጅን ሲያንስ፣ አሳው በመረብ ሲያዝ ቆዳው ሲላጥ መከላከያው ይደክማል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ወደ ሻለው ቦታ ይሸሻል፤ ኩሬ ውስጥ ግን መሸሻ የለውም። ያኔ አብሮት የኖረው ባክቴሪያ ይነሳበታል።

የኤሮሞናስ ምልክቶች ጠያቂያችን እንደገለጻቸው ናቸው፦ የሆድ ማበጥ፣ ቀይ ቁስል፣ የክንፍ መበስበስ። ሌላው ቆሮሶን በዓለም ዙሪያ የሚፈጀው ስትሬፕቶኮከስ ነው። እሱ ሲይዘው የአሳው ዓይን ወደ ውጭ ይፈጥጣል፣ አሳው እንደሰከረ ሰው ክብ እየሠራ ይዋኛል። ጋና ውስጥ በቮልታ ሐይቅ በሚረቡ ቆሮሶዎች ላይ ይህ ባክቴሪያ ሞት ማስከተሉ በጥናት ተረጋግጧል። ግን አስተውሉ፦ በዓይን አይቶ «ይሄ ኤሮሞናስ ነው» ማለት አይቻልም። ቫይረስም፣ ጥገኛ ትልም፣ የተበላሸ ውሃም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ቲቲሲ ቢጨመር ባይጨመር ለውጥ የለውም።

ቲቲሲው ላይ ለምን እከራከራለሁ?

ቲቲሲ የምንለው ቴትራሳይክሊንን ነው። እናቶች በደንብ ያውቁታል፤ የዓይን ቅባቱ በየቤቱ አለ። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ዶክሲሳይክሊን እኛ ሐኪሞች ለተስቦ፣ ለኮሌራ፣ ከእንስሳት ለሚመጣው ብሩሴሎሲስ እናዝዘዋለን። ለአሳ እርባታ በዓለም ላይ በብዛት ከሚጨመሩት አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊንም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ለአሳው የተነሰነሰውና እናንተ ታማችሁ ስትመጡ እኔ የማዝላችሁ መድኃኒት ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

መኖ ላይ የተነሰነሰው መድኃኒት የት ይደርሳል? የታመመ አሳ በመጀመሪያ የሚያቆመው መብላት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚበላው ጤነኛው ነው፤ የታመመው አይደርሰውም። የተበላውም ቢሆን ኦክሲቴትራሳይክሊን ከአሳ አንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ አብዛኛው ከዓይነ ምድሩ ጋር ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ያ ውሃ ሲደፋ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎመኑና ወደ ቲማቲሙ፣ ካለፈም ወደ ወንዙ።

እዚያ ውሃና ጭቃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በትንሽ በትንሹ መድኃኒት እየቀመሰ ይላመዳል። የከፋው ነገር ባክቴሪያ የተማረውን ለጎረቤቱ ያስተምራል። መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረ-መል ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የአሳው ባክቴሪያ ለሰው አንጀት ባክቴሪያ ሊያቀብል ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደሞቱ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ከአሳ መጣ እያልኩ አይደለም፤ ዋናው ችግር እኛው ራሳችን ያለ ትእዛዝ የምንውጠው መድኃኒት ነው። ግን አገራችን አሳ እርባታ ገና እየጀመረች ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ከወተቱ፣ ከእንቁላሉና ከማሩ ጋር ኩሬ የሚቆፍረው ወጣት እየበዛ ነው። ከጅምሩ ልክ ማድረግ ከለመዱ በኋላ ከማስተው ይቀላል።

አሳም ይከተባል እንዴ?

አዎ፣ ይከተባል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ዳፍ የተባለ ተመራማሪ የተገደለ ባክቴሪያ ከመኖ ጋር ቀላቅሎ ትራውት ለሚባለው አሳ በመስጠት ከበሽታ መከላከል እንደሚቻል አሳይቷል። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የአሳ ክትባት ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ።

ክትባቱ የሚሰጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

1. በመርፌ፦ አሳው ማደንዘዣ ባለበት ውሃ ውስጥ ይገባና ሲፈዝዝ ሆዱ ላይ ይወጋል። በእጅም በማሽንም ይሠራል። አድካሚ ቢሆንም ከሁሉም የበለጠና ረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ የሚሰጠው ይሄ ነው።

2. በመንከር፦ ለመርፌ የማይመቹ ትናንሽ ጫጩቶች ክትባት በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይነከራሉ። ክትባቱ በስንጥባቸውና በቆዳቸው በኩል ይገባል።

3. በመኖ፦ ለአርቢው ከሁሉም ይቀላል፤ ግን የአሳው ጨጓራ ክትባቱን እንደ ምግብ ሊፈጨው ስለሚችል መከላከያው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ውጤቱን ለማየት ኖርዌይን እንመልከት። በ1987 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ አርቢዎች ወደ 50 ሺህ ቶን ገደማ ሳልሞን ለማምረት ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቀሙ። ለ1 ቶን አሳ 1 ኪሎ መድኃኒት ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ጥሩ ክትባቶች መጡ፤ በተለይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘይት ተዘጋጅቶ በመርፌ የሚሰጠው። ዛሬ ኖርዌይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ታመርታለች፤ የምትጠቀመው አንቲባዮቲክ ግን ከ1 ቶን በታች ነው። ክትባቱ ብቻውን አላደረገውም፤ እርሻዎቹን አራርቀዋል፣ ከአንድ ዙር በኋላ ቦታውን ያሳርፋሉ። ዋናው ምሰሶ ግን ክትባቱ ነበር።

ሁሌ እንዲህ ይሳካል ወይ? አይሳካም። ቺሊም ሳልሞን ታረባለች፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ከ500 ቶን በላይ አንቲባዮቲክ ተጠቅማለች። የቺሊን አሳ የሚያጠቃው ዋናው ባክቴሪያ በአሳው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ዓይነት ስለሆነ ያሉት ክትባቶች በበቂ ሁኔታ አልቻሉትም። በቆሮሶ ስትሬፕቶኮከስ ላይም ክትባቶች ተሠርተው በአንዳንድ አገሮች ገበያ ላይ አሉ። ነገር ግን ባክቴሪያው ብዙ ዝርያ አለው፤ ለአንዱ አገር ዝርያ የተሠራው ሌላውን ላይከላከል ይችላል። ስለዚህ ክትባት ከማምጣት በፊት የራሳችን ኩሬዎች ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የሚሞት አሳ ዝም ተብሎ መጣል የሌለበት።

«ይሄ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት የ1880ዎቹ ረሃብ የመጣው በሬውን ሁሉ በፈጀው ደስታ በተባለው የከብት በሽታ ነው። ያ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ። ያጠፋው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ለከብት፣ ለበግና ፍየል፣ ለዶሮ ክትባት ሲያመርት ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚፈትሽበት ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ዕውቀቱ አዲስ አይሆንብንም ማለቴ ነው። ለአነስተኛ አርቢ ደግሞ ሥራው የሚቀለው እያንዳንዱ በየጓሮው ሲወጋ ሳይሆን ጫጩት የሚከፋፈልበት ቦታ ላይ ተከትቦ ሲመጣ ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት ዶሮ ተከትባ እንደምትሸጠው።

«የተከተበ አሳ ብንበላስ?» ለምትሉ፦ ብዙዎቹ የአሳ ክትባቶች የተገደለ ባክቴሪያ ናቸው። አንቲባዮቲክ ስላልሆኑ ሥጋው ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት አይተዉም፤ ባክቴሪያንም መድኃኒት አያላምዱም።

ነጭ ሽንኩርቱስ?

ይሄኛውን ጓደኛ አልስቅበትም፤ ሐሳቡ መሠረት አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለትራውት አሳዎች በ100 ግራም መኖ ላይ ግማሽ ወይም 1 ግራም ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮ ለ14 ቀን ተመገቡ። ከዚያ ሆን ተብሎ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ተሰጣቸው። ነጭ ሽንኩርት ካልበሉት አብዛኞቹ ሲሞቱ፣ ከበሉት የሞቱት ጥቂት ነበሩ። ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ እሬት በተለያዩ አገሮች በቆሮሶና በሌሎች አሳዎች ላይ ተሞክረዋል። ከሞላ ጎደል ኩሽናችን በሙሉ ማለት ነው!

ግን ጥናቱን ደግማችሁ አንብቡት። አሳዎቹ ነጭ ሽንኩርቱን የበሉት ከመታመማቸው በፊት ነው። እንዲህ ያለው ተክል በዋናነት የሚሠራው የአሳውን የራሱን መከላከያ በማነቃቃት ነው። መብላት ላቆመ፣ ሆዱ ለተነፋ አሳ ግን ጊዜው አልፏል።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። የአንዱ ማሳ ነጭ ሽንኩርት ከሌላው ይለያል፤ የደረቀው ከእርጥቡ፣ በአልኮል የተጨመቀው በውሃ ከተቀቀለው ይለያል። «አንድ እፍኝ» የሚባል መድኃኒት የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ጭማቂም አሳ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው፣ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ነው። ይህን አባባል ኢትዮጵያዊ ባይናገረው ጥሩ ነው። ምክንያቱም ብርብራ አለን! የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው ፈዝዞ እንደሚንሳፈፍ አባቶቻችን ያውቃሉ፤ አሳ ያጠምዱበት ነበር። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የአሳውን ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። ብርብራም ተፈጥሯዊ ነው።

እንዶድም እንዲሁ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ግን እዚያ አላቆሙም። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዝርያ መረጡ፣ የትኛው እንዶድ ስንት መጠን፣ ለስንት ሰዓት የሚለውን ለዓመታት ለኩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። የአገር ተክል መድኃኒት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። በነገራችን ላይ እንዶድ አሳንም ይገድላል፤ ኩሬ ውስጥ ቀንድ አውጣ አየሁ ብላችሁ እንዳትጨምሩ አደራ።

ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ከቲቲሲ ጋር የሚወዳደር ሕክምና አይደለም። መጠኑ በእኛው ቆሮሶና አምባዛ ላይ ተጠንቶ ሲታወቅ፣ ከክትባትና ከንጹህ ውሃ ጎን የሚቆም መከላከያ ሊሆን ይችላል።

አሳ እየሞተባችሁ ከሆነ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

- ማለዳ ውሃውን እዩ። አሳዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር የሚስቡ ከሆነ ኦክስጅን አንሷቸዋል። መኖ አቁሙ፣ ከውሃው ሲሶ ያህሉን በንጹህ ውሃ ተኩ። በአንዴ ሁሉንም አትቀይሩ፣ ያስደነግጣቸዋል።
- የሞተውን ቶሎ አውጡ፣ ከኩሬው ርቃችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩት። ለውሻ፣ ለዶሮ፣ ይባስ ብሎ ለገበያ እንዳይሄድ።
- ለምርመራ የሚጠቅመው የታመመና በሕይወት ያለ፣ ወይም ገና አሁን ሞቶ በረዶ ላይ የተቀመጠ አሳ ነው። ሞቶ ያደረ አሳ ምንም አይናገርም። የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሩ፤ ባቱና ሰበታ ያሉት የአሳ ምርምር ማዕከላትንም ምክር ጠይቁ።
- አንቲባዮቲክ የግድ ካስፈለገ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሁን። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ አሳው የማይሸጥበትን የቀን ብዛት ጠይቁ።
- አዲስ ጫጩት ስታመጡ ለሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። መረብና ባልዲ ከጎረቤት አትዋሱ።

ለእኛ ለበላተኞች

እዚህ ኩየራ አድቬንቲስት ወገኖቻችን ስለሚበዙ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ የማይቀምስ ብዙ ነው፤ ቆሮሶን ግን ማንም አይምረውም። በጾም ወቅትማ ወደ ሻሸመኔም ሂዱ ወደ ዝዋይ፣ የአሳ ሽታ ነው የሚቀበላችሁ። ብሉ፣ አሳ ጥሩ ምግብ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ እጃችሁን ጠብቁ። በ1995 መጨረሻና በ1996 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቶሮንቶ ውስጥ ሰዎች እጃቸው እያበጠና እያተኮሳቸው ሐኪም ቤት መጡ። ሲጣራ ያልበሰለ አሳ፣ በተለይ ቆሮሶ፣ ሲያጸዱ እጃቸው ተወግቶ ነበር። ጥፋተኛው የአሳ ስትሬፕቶኮከስ ነበር። አሳ ስታጸዱ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁ። ከተወጋችሁ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም አስታውሱ። ቅላቱ ከሰፋ፣ እጃችሁ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳታድሩ ሐኪም ጋር ሂዱ። ለሳምንታት የማይድን እብጠትም ካለ እንዲሁ። «አሳ ወግቶኝ ነው» በሉ፤ ይቺ ቃል ሕክምናውን ትቀይረዋለች።

ሁለተኛ፣ ጥሬውን ተዉት። ሐዋሳ ሄዶ ጥሬ አሳ በዳጣ መብላት እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ። ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ጨዋማ ካልሆነ ውሃ የተገኘ አሳ በጥሬው የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች በስትሬፕቶኮከስ ታመሙ። በደም መመረዝና በማጅራት ገትር የተያዙ ነበሩ፤ ቀድሞ ጤነኛ የነበሩም አሉባቸው። መንግሥት በጥሬው እንዳይሸጥ ከለከለ። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ አያበስለውም። ፍሪጅም ባክቴሪያ ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ነፍሰ ጡሮች፣ አዛውንቶች፣ ስኳርና የጉበት ሕመም ያለባችሁ፣ ጥሬውንም ለብለቡንም ጭራሽ አትንኩ። አሳ የበሰለ የሚባለው ሥጋው ከዳር እስከ መሃል ነጥቶ በሹካ ሲነካ ሲፈረፈር ነው።

አንቲባዮቲክ ስንቆጥብ የምንቆጥበው ለራሳችን ነው። ዛሬ ኩሬ ውስጥ የተደፋው መድኃኒት ነገ ለልጃችሁ እምቢ ሊል ይችላል። ንጹህ ውሃ፣ የተከተበ ጫጩት፣ በልክ የተጠና ተክል፤ አንቲባዮቲክ ከሁሉም በኋላ።

አሳ የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሁፍ አጋሩት። ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ።

ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ!